የአንድ መስኮት ሙግት

መስኮት ምን አለው? እስቲ ንገሩኝ። እኔ ቢቸና ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከልጆቼ አንዱ እንኳ መጥቶ «አባዬ፣ ጠጋ በልልኝ፣ እኔም በመስኮቱ ልይ» ብሎኝ አያውቅም። ያው መስኮት ጎማ የተገጠመለት ዕለት ግን ጉድ ፈላ! ደም ካልፈሰሰበት አይሆንም።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ታላቂቱ ማስተዋል ትባላለች፤ ታናሹ ሰላሙ። ስማቸውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሰው ስም ሲያወጣ ተስፋ ያደርጋል እንጂ ምን ያውቃል? ማስተዋል አታስተውልም፤ ሰላሙ ሰላም አይሰጥም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። ዥንጉርጉርማ ቢሆን ማን በነካኝ! የኔዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። አንዷ የፈለገችውን ሌላው ይፈልጋል። እሷ ስትተወው እሱም ይተወዋል። እሱ የተወውን አይታ ደግሞ እሷ መልሳ ታነሣዋለች።

ቤት ውስጥ ሲጣሉ ግድ የለኝም። ቤት ጓሮ አለው፣ ደጅ አለው። አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ታባርራላችሁ። መኪና ውስጥስ? ወዴት ታባርራላችሁ? «የድሮ ልጅ እንዲህ አልነበረም፤ መኪና ላይ ጭጭ ብሎ ነበር የሚቀመጥ» የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ። ውሸት ነው። የድሮ ልጅ መኪና ላይ ያልተጣላው መኪና ስላልነበረው ነው! እኔና ወንድሜ በበቅሎ ላይ ተጣልተናል። አባታችን ሁለታችንን አፈናጦ ገበያ ሲወስደን፣ ከፊት እኔ ልሁን፣ የለም እኔ ልሁን ስንባባል፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሁለታችንንም አወረደና ራሱ ወጣባት። እኛ ከኋላ ከኋላ አቧራ እየቃምን ኳተንን። ያገኘን መንገደኛ ሁሉ «እደግ! ልጅ እንዲህ ነው የሚቀጣ!» እያለ አባቴን ሲያመሰግነው ትዝ ይለኛል። ዛሬ እንዲህ ብታደርጉ ምን እንደሚከተል ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ዛሬማ አባትነት ክብሩ ከበቅሎዋ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

ነገሩ የሆነው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው፤ የቢቸናና የሞጣ መንገድ ገና ጠጠር ሳለ። ሞባይል የሚባል ነገርም እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። ወደ ሞጣ የምንሄደው ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ብርቄ ከታላቅ እህቷ ከየሺ ጋር ተኳርፋ ከረመች። በምን ተጣሉ ብትሉኝ፣ በእናታቸው ነው። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግንደወይን ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን የሺ ከሞጣ መኪና ይዛ መጣችና «ዓይናቸውን ላሳክም» ብላ ወሰደቻቸው። ወሰደቻቸው፤ ቀሩ። ብርቄ ይህን ስትሰማ እሳት ጎረሰች። «ሳትነግረኝ እናቴን ወሰደችብኝ! የሷ ብቻ ናት?» አለች። የሺም በሰው አፍ ላከች፤ «እናትሽን መቼ ዞር ብለሽ አየሻትና ነው አሁን ተራሽን የምትጠይቂው?» በዚህ ቀረ። አንዷ ሞጣ፣ አንዷ ቢቸና ሆነው አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ከረሙ። ብርቄ የእህቷን ደጅ አልረግጥም ብላ እናቷን ሳታይ ኖረች። ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ እየሰማሁ አልሰማሁም።

በመጨረሻ እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው መልእክት ሰደዱ። «ዓይኔ እየደከመ ነው። ሁለታችሁን ባንድነት ሳላያችሁ እንዳይጠፋ» አሉ። ከዚህ ወዲያ ማን እምቢ ይላል? ሞጣ ላይ ሽማግሌ ተመረጠ፤ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሎቹ «እስከ ቀትር እንጠብቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ጉዳይ አለብን» ብለው አስጠንቅቀዋል። እኛም በጠዋት ተነሥተን ቢቸና መናኸሪያ ሄድንና ቅጥቅጥ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን።

ብርቄ ከፊታችን ካለው ወንበር ላይ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። ለእህቷ የምትናገረውን በልቧ የምትሸመድድ ትመስላለች። እኔና ልጆቹ ከኋላዋ የሦስት ሰው ወንበር ያዝን። ሦስት ሰው፣ አንድ መስኮት። መኪናውን የሠራው ሰው ልጅ የለውም ማለት ነው!

በመጀመሪያ ማስተዋልን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩ። ሰላሙ ጮኸ። ሰላሙን አስቀመጥኩ። ማስተዋል ጮኸች። እንግዲያውስ ብዬ እኔው ራሴ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ሁለቱም ጮኹ! መስኮቱ ደግሞ መስኮት ሆኖ እንዳይመስላችሁ። መስተዋቱ ላይዘጋ ወርዶ ቀርቷል። የሚገባበት የጠጠር መንገድ አቧራ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ከዚያ መስኮት ይሸሻል። የኔ ልጆች ግን ለዚያ አቧራ ይሞታሉ።

ከቢቸና ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ማስተዋል ነጠላዋን ጠቅልላ ወንበሩ መሀል ላይ አጋደመችና «ከዚህ ወዲህ የኔ ክልል ነው» አለች። ልጅ የሰማውን ነው የሚናገር። ሰላሙ ጣቱን በነጠላው ላይ አሻገረ። መታችው። መለሰላት። እሷ «እያየኝ ነው!» ብላ ከሰሰች። አስቡት እንግዲህ፤ ዓይን ያለው ልጅ ወዴት ይይ? እሱ ደግሞ «እየተነፈሰችብኝ ነው!» አለ። የሁለቱም ጉልበት እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ብርቄ ዞር ሳትል «ልጆችህን አደብ አስይዛቸው» አለችኝ። ልብ በሉ፤ «ልጆችህን» ነው ያለችው። ከክፍል አንደኛ ሲወጡ «ልጆቼ» ናቸው። ሲፋጁ የኔ ናቸው።

ምን ላድርግ? አምበር ያለ አንድ እህል ነጋዴ ወዳጄ የነገረኝ ዘዴ ትዝ አለኝ። እሱ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ልጆቹን ሲጭን ጩኸታቸው ቢያሳብደው፣ «እስክንደርስ ዝም ላለ ማስቲካ አለው» አላቸው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ዝም ያለ ያሸንፋል ከተባለ፣ ማሸነፊያው ሌላውን ማስጮህ ነዋ! በዝምታ ተቆነጣጠሩ፣ በዝምታ ተነካከሱ። ወዳጄ ዞር ሲል ሁለቱም እንባቸው እየወረደ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ጭጭ ብለዋል። ማስቲካውን በንዴት ራሱ አላመጠው። እና ይህን እያወቅሁ እንዴት ልሞክረው? አልሞከርኩትም።

ያን ጊዜ ከተሳፋሪው ምክር መጣ። የሚያናድደኝ ይኸ ነው! ሰው ጎማ ስትቀይሩ ዝም ብሎ ያያል፤ ልጅ ስትቆጡ ግን ሁሉም ሊቅ ነው። ከመተላለፊያው ማዶ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያቀፈ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ተቀምጧል። ከወርክሾፕ መመለሱ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አይጩኹባቸው» አለኝ። «ዲስከስ ያድርጉ። ፓርቲሲፓቶሪ ይሁን። ስሜታቸውን ይስሙ።»

«ልጆች አሉህ?» አልኩት።

«ገና ነኝ። ፕላን ላይ ነው።»

ፕላን ላይ! ቢሆንም እኔ ያን ጊዜ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ። አጥር የተገፋፉ ጎረቤታሞችን አስማምቻለሁ። በሬ የተካሰሱትን አስታርቄ ሸኝቻለሁ። ሁለት ሕፃን ያቅተኛል? የሁለቱንም ቃል ተራ በተራ ሰማሁ፤ ከዚያ ብይን ሰጠሁ። «እስከ ፈለገ ብርሃን ማስተዋል መስኮቱ ጋ ትቀመጥ። ከፈለገ ብርሃን እስከ ሞጣ ሰላሙ ይቀመጥ» አልኩ። ከዚህ የቀና ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰላሙ ግን ጥቂት አሰበና ቡዋ ብሎ አለቀሰ። «እሷ ቀድማ ሁሉንም አይታ ትጨርሰዋለች! ለኔ ምን ይቀራል?» አለ።

ለዚህ ምን ይመለሳል? ተራራው አያልቅም ልበለው? ይግባኙን ለእናቱ አቀረበ፤ ትከሻዋን እየጎተተ። ብርቄ ይህን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ያለችው።

«ታላቅ ሁልጊዜም ቀድማ ትወስዳለች» አለች። «ታናሽማ የተረፈውን ትልቀም! የተረፈ ካለ!» ድምፅዋ ተሰበረ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስለ መስኮቱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ የገባው ግን እኔ ብቻ ነኝ። መኪናው ሙሉ ስለ መስኮቱ መሰለው። እዚያው ሙግቱ ተለኮሰ።

ከኋላችን፣ ከተነሣን ጀምሮ «ለልጅ አለንጋ ነው» ሲሉኝ የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጥምጥማቸው በአቧራ ቡላ መስሏል። «ሴትዮ፣ እንዲህ አይባልም፤ ብኩርና ከኦሪት ጀምሮ የከበረ ነው። መስኮቱ የታላቂቱ ነው» አሉ። የልጆቹን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የኔታ ጥቂት አጎነበሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው «ታዲያ ማስተዋል ካልተቀመጠች ሰላሙ የት ይቀመጣል!» አሉ። ሰሙን ከወርቁ የለየ ሁሉ «ይበል! ይበል!» አለ። አንዱማ አጨበጨበ። የኔ ጉልበት በርግጫ እየተቀጠቀጠ እነሱ ቅኔ ያደንቃሉ!

የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ግን አልተዋጠላቸውም። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ጨርቅ የምገዛው ከሳቸው ነው። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ታላቅ ቀድሞ ተወልዶ፣ ቀድሞ ጠብቶ፣ ቀድሞ ለብሶ፣ አሁን ደግሞ ቀድሞ ይይ? ይብቃው! እኔ ቤቴ ውስጥ የምፈርደው ለታናሽ ነው።» እርስዎ ስንተኛ ልጅ ነዎት ቢላቸው አንዱ፣ «የመጨረሻ» አሉ ፈገግ ብለው። እንግዲህ ለሁለት ተከፈሉ። ታላቅ የሆነ ሁሉ ከየኔታ ጎን፣ ታናሽ የሆነ ሁሉ ከሐጂ ጎን። ስንቱ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያልለቀቀው ቂም እንዳለው ያን ቀን አየሁ። አንዲት ሴትዮ እህታቸው ወስዳባቸው ስለቀረው የጆሮ ጌጥ እያነሡ አለቀሱ። ባለሙያው መንታ ነኝ ብሎ ከሁለቱም ወገን ተሰደበ።

ፈለገ ብርሃንን አለፍን፤ በብይኔ መሠረት ሰላሙ መስኮቱ ጋ ዞረ። የደፋው የሹራብ ቆብ አያቱ የላኩለት ነው። «አያቴ እንድታየኝ» ብሎ ከቢቸና ጀምሮ ከራሱ አላወረደውም። አንገቱን በመስኮቱ ብቅ አድርጎ ለእህቱ «አየሽ፣ ሁሉንም እያየሁት ነው! ላንቺ ምንም አልቀረልሽም!» አላት። ማስተዋል እጇን ሰደደች። ቆቡን ነጠቀች። በመስኮቱ ወረወረችው።

የሰላሙ ጩኸት የመኪናውን ጣሪያ ሊያነሣው ደረሰ። ሾፌሩ «ለቆብ አልቆምም!» አለ። የሐጂ ወገን በሙሉ ባንድ አፍ «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ አንዳንዱ ለቆቡ፣ አንዳንዱ ለሙግቱ፣ አንዳንዱ እግሩን ለማፍታታት። ቆቡን የፈለገው ግን ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኛ! ወደ ኋላ በአቧራው ውስጥ ሮጥኩ። አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ እሾኹ እጄን ቧጨረኝ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሽማግሎቹ ሞጣ ላይ ደጅ ደጅ ሲያዩ ታየኝ። ብርቄ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆማ «አንደርስም፤ በቃ አንደርስም» ትላለች፤ ለማንም አይደለም የምትለው።

እያለከለክሁ ተመለስኩ። የኔታና ሐጂ መንገዱ መሀል ቆመው ስለ ብኩርና ይከራከራሉ። ልጆቼስ? ቆቡ ተረስቷል! ሁለቱም ባዶው መኪና ውስጥ፣ ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ መስኮት ባዶውን ተቀምጦ እያለ፣ ያችኑ መስኮት ይዘው ይጓተታሉ።

ደሜ ፈላ። በሁለት እጄ ሁለቱን ይዤ አወረድኳቸው። «በቃ! በእግራችሁ ትሄዳላችሁ! ሾፌር፣ ንዳው!» አልኩ። አባቴ እንዳደረገው መሆኑ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያመሰግነኝ ሰው ጠብቄ ነበር።

  የወረደብኝ ግን የወቀሳ ዝናብ ነው።

«አንተ ሰው፣ አንጀት የለህም?» አሉኝ የኔታ። ቅድም «ለልጅ አለንጋ ነው» ሲሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው! ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንበኛዬ ነህ ብዬ አከብርህ ነበር፤ ከእንግዲህ ለአንተ ጨርቅ መቁረጤን እንጃ» አሉ። ባለሙያው ሕግ መጥቀስ ጀመረ። ሾፌሩ፣ ያ ለቆብ አልቆምም ያለው ሾፌር፣ ቁልፉን ነቀለና «እኔም አባት ነኝ! ሕፃናት ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም!» አለ። እኔ መቼ ጥላችሁ ሂዱ አልኩ? ጥቂት ይራመዱ፣ ይብረድላቸው ነው ያልኩት! ማን ይሰማኛል? ቅድም ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ የነበረው ሕዝብ በኔ ላይ አንድ ሆነ። የኔታና ሐጂ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ብርቄም መጣች። «ከልጆቼ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። አሁን «ልጆቼ» ሆኑ!

ልጆቹስ? ይኸውላችሁ። ማስተዋል ወንድሟን አቀፈችው። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫውን ጠረገችለት። ቆቡን ከእጄ መንጭቃ ራሱ ላይ ደፋችለት፤ ራሷ የወረወረችውን ቆብ! «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» አለችው፤ እኔን ከእግር እስከ ራሴ እየገላመጠች። እሱም ተለጠፈባት። «እሰይ! እሰይ! ደም እኮ ነው!» አለ ሕዝቡ። አንዷ ሴትዮ እልል አሉ።

ከዚያ እስከ ሞጣ አንድም ጠብ አልተሰማም። ሁለቱ ልጆች በዚያች መስኮት ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው እየተሳሳቁ አቧራውን ጠጡ። የኔን ቦታ የኔታ ወሰዱት፤ «ልጆቹን ልጠብቃቸው» ብለው። እኔ የት ሄድኩ? ሾፌሩ አጠገብ ሞተር ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ይጋግረኛል፤ ከጎን ሾፌሩ ስለ አባትነት ያስተምረኛል። ግንደወይንን ያለፍነው እንዲያ ሆኜ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ዳውላው እኔ ነኝ።

ሞጣ ስንደርስ ቀትር አልፏል። የሺ ቤት ስንገባ ግቢው ውስጥ ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሽማግሎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። እማማ ጥሩነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ብርቄ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው በዓይናቸው አልተማመኑም፤ ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። «ከስተሻል» አሉ። እኔ ዞር አልኩ፤ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የሺ በሩ ላይ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ብርቄ ተነሣች። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸውን አሸሹ።

«ሽማግሌ እስከ ቀትር ነው የሚጠብቅ» አለች የሺ፤ ለግድግዳው። «ሰው ሲንቅ እንዲህ ነው።»

«እንደ ሰው መኪና ይዘን አንመጣ» አለች ብርቄ፤ ለጣሪያው። «መኪናማ ያለው እናት ይወስድበታል።»

በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ አቧራ የጠጣነው በከንቱ ነው። እማማ ጥሩነሽ አንገታቸውን ደፉ። ብርቄ ነጠላዋን መሰብሰብ ጀመረች፤ ልትመለስ ነው። በዚህ መሀል ማስተዋል ወደ አክስቷ ቀረበችና ተናገረች። እንዴት ያለ ንግግር! «እትዬ፣ የዘገየነው እኮ በአባዬ ነው። እኔንና ሰላሙን ጫካ ውስጥ አውርዶ፣ በእግራችሁ ሂዱ ብሎ፣ ለሾፌሩ ንዳው አለው!» ሰላሙ ቆቡን እያስተካከለ «ጅብ ነበረ» ብሎ ጨመረበት። የምን ጅብ! የምን ጫካ! በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ!

የሺ እጆቿን ፈታች። ስንት ጊዜ ሙሉ ያልጠራችውን ስም ጠራች።

«ብርቄ! እውነት ነው?»

ብርቄ ወደ እኔ አየች፤ ወደ እህቷ አየች። ከዚያ አንድ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች።

«ምን ልበልሽ፣ እህቴ» አለች።

«እህቴ» አለች! ከዚያ የቀረውን ምን አደርገዋለሁ? ከመኪናው ጀመሩ፤ ወደ ሠርጋችን ዕለት ተመለሱ። የዘገየሁበት ቀን፣ የረሳሁት ነገር፣ ያልጠገንኩት በር፣ ማንኮራፋቴ ሳይቀር ተነሣ። የሺ «እኔ መጀመሪያውንም ነግሬሽ ነበር» ትላለች። ብርቄ «መቼ ሰማሁሽ፣ እኔ ጅል» ትላለች። አንዷ ስታለቅስ አንዷ ታብሳለች። የየሺ ባል በዚህ መሀል በር ላይ ብቅ አለ። ትንሽ አዳመጠ። ገበያ የረሳው ነገር እንዳለ ተናግሮ ተመለሰ። ብልህ ሰው ነው። እኔም አብሬው መሄድ ነበረብኝ።

ወጥ ቤት አብረው ገቡ። ከዚያ ውስጥ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ኋላ ሳቅ ተሰማ። ሲወጡ ነገሩ ሁሉ ተወስኗል። እማማ ጥሩነሽ ክረምቱን ቢቸና ከኛ ጋር፣ በጋውን ሞጣ የሺ ጋር ይሁኑ ተባለ። ሽማግሌ አልተጠራ፣ ዋስ አልተቆጠረ። በየጊዜው ማን ያመላልሳቸው ሲባል ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ዳኛ ነኝ ባዩ ሰውዬ!

ሁለቱ እህትማማቾች እንደገና ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። በረንዳው ላይ እኔና አማቴ ቀረን። እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ።

«ተከፋህ አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም፣ እማማ» አልኩ። ውሸቴን ነው።

«ተከፍተሃል። ልክህ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚህ ሁለቱ ልጆች ሳሉ ጠባቸው ቤት አይበቃውም ነበር። መከርኳቸው፣ እምቢ። ገረፍኳቸው፣ እምቢ። ኋላ ላይ ነው መድኃኒቱ የገባኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«አባታቸውን እሰጣቸው ነበር» አሉ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ምንም ያላደረገ ሰው ነበር። ‹አባታችሁ እንዲህ አለ፣ አባታችሁ ይህን ከለከለ› እላቸዋለሁ። ወዲያው ተቃቅፈው እሱ ላይ ያኮርፋሉ። ቤቴ ሰላም ይውላል።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ለእኒያ ሳላውቃቸው ለሞቱት ሰውዬ አዘንኩ።

«እሳቸውስ ምን ይሉ ነበር?» አልኩ።

«አንተ ቅድም ለእነዚህ ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«እሱም ምንም» አሉ እማማ ጥሩነሽ።